አራት ላይ የቆመ ወገብ

ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሰው ያናግረኝ ነበር። በቀሩት ቀናት የሚያናግረኝ የለም። ይህን የምለው እንዲታዘንልኝ አይደለም። በ2071 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በሳምንት ሦስት ቀን ሰው የሚያናግረው ስንቱ ነው? እንዲያውም ዕድለኛ ነበርኩ።

ስሜ ሶልያና ነው። አዎ፣ የአሮጊት ስም ነው፤ ምን ይደረግ። ተማሪ ሳለሁ አንድ ክፍል ውስጥ አምስት ሶልያና ነበርን። የዛሬ ወላጆች ደግሞ ልጆቻቸውን ማንጠግቦሽና ጥላዬ ብለው ሲጠሩ እሰማና አፌን ይዤ እስቃለሁ። ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ቱሉ ዲምቱ፣ ሠላሳ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ እኖራለሁ። የክሬን ኦፕሬተር ነኝ። ክሬኑ ያለው ሰባ ኪሎ ሜትር ርቆ ደረቅ ወደብ ውስጥ ነው፤ እኔ እዚህ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ኮንቴይነር አነሳለሁ፣ ኮንቴይነር አስቀምጣለሁ። በቀን ዘጠኝ ሰዓት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አርባ ቶን ሳነሳ ኖሬ አንድ ጄሪካን ውሃ ከወለል ማንሳት ያቃተኝ ሴት ነኝ።

ወንበሩ ስነሳ ይመዘግባል፣ ስቀመጥ ይመዘግባል። ምሳ በግድግዳው መስኮት ይገባል። የኮሪደሩ መብራት የሚበራው ሰው ሲያልፍ ብቻ ስለሆነ፣ በሬን ከፍቼ ባየሁ ቁጥር ጨለማ ነው። ሊፍቱ አንድ ሰው ብቻ ይጭናል፤ ውስጡ ሰው ካለ አይቆምም። ባለፈው ዓመት ከሰው ጋር ፊት ለፊት የተገናኘሁት ሁለት ጊዜ ነው። አንዱ ጥርሴን ሲነቅሉልኝ ነበር፤ ያኔም አፌ ተከፍቶ ስለነበር ብዙ አላወራንም። ሌላው የእህቴ ቀብር ነው።

ወገቡን የማያመው ሰው አላውቅም። ለዚህ ነው «የወገብ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት» የሚባል ነገር የተቋቋመው። እዚያ ከተመዘገብኩ አሥር ዓመት ሆኖኛል። መጀመሪያ ትልቅ ኳስ ላኩልኝና እላዩ ላይ ተቀመጪ አሉኝ። ቀጥሎ የመለጠጫ ጎማ መጣ። ከዚያ ደግሞ ችግሩ ያለው ሆድሽ ላይ ነው፣ ሆድሽን አጠንክሪ ተባልኩ። ሦስቱንም በሦስተኛው ሳምንት ተውኳቸው። ብሠራ ብተው ማን ያውቃል? አራተኛው በድምፅ የሚያሠራ መሣሪያ ነበር፤ እሱ በአምስተኛው ሳምንት «ድነዋል፣ እንኳን ደስ አለዎት» ብሎ ፋይሌን ዘጋው። በማግሥቱ ካልሲ ማጥለቅ አቅቶኝ በባዶ እግሬ ክሬን ስነዳ ዋልኩ።

አምስተኛው ጥላዬ ነው። መስከረም ውስጥ አንድ ሰኞ፣ ጽሕፈት ቤቱ ልኮልኝ ወገቤ ላይ ካሰርኩት ቀበቶ የወንድ ድምፅ ወጣ።

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ ሶልያና? ጥላዬ እባላለሁ። ወገብዎን የማሠራዎት እኔ ነኝ።»

«ሰው ነህ?» አልኩት።

«እስካሁን አዎ» አለና አሳለው። መሣሪያ አያስልም፤ አመንኩት።

የዚያን ቀን ምንም አላሠራኝም። አጎንብሺ፣ ተለጠጪ፣ የሚል ነገር የለም። «ወገብዎ ምን ነጠቀዎት?» ብሎ ጠየቀኝ። በአሥር ዓመት ውስጥ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ብዙ አሰብኩና ነጠላዬን በእጄ ማጠብ አልኩት። ማሽን ጥለቱን ይበላዋል። ሳፋ ፊት ቁጭ ብሎ፣ አጎንብሶ፣ አሽቶ፣ ጨምቆ ማጠብ ነው የናፈቀኝ።

«ሳፋ አለዎት?»

«አለኝ እንጂ።»

«ለረቡዕ ያውጡት።»

ረቡዕ ባዶ ሳፋ ከወለል አንስቼ ወንበር ላይ አስቀመጥኩ። አምስት ጊዜ። እሱ ይቆጥራል፣ እኔ አነሳለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ሊትር ውሃ ጨመርን፣ ኅዳር ላይ አምስት ሊትር ደረስን። ሲያመኝ «አመመኝ!» ብዬ እጮሃለሁ። እሱ አይደነግጥም። «የለመዱት ሕመም ነው ወይስ አዲስ?» ይለኛል። የለመድኩት ነው ስለው «እንግዲያው አመመዎት እንጂ አልተጎዱም፤ ሁለቱ ይለያያሉ» ይልና መቁጠሩን ይቀጥላል። አንዳንዴ ተናድጄ እሰድበዋለሁ። ሲስቅ ይሰማኛል።

አንድ ጊዜ ኳሱ ይሻል ነበር ወይስ ጎማው ብዬ ጠየቅሁት። «ሁሉም ያው ናቸው፣ እትዬ» አለኝ። «ኳስም ይሁን ሳፋ ወገብ ግድ የለውም። ዋናው አለመተውዎት ነው።» ታኅሣሥ ላይ አንድ ረቡዕ ሰነፍኩና ቀበቶውን ሳላስር ቀረሁ። ዓርብ ሲደውል አልተቆጣም፣ ምክንያትም አልጠየቀኝም። «ረቡዕ ስጠብቅዎ ነበር» አለ፤ በቃ ይኸው ነው። አፈርኩ። ለካ የሚጠብቀኝ ሰው አለ! ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ቀርቼ አላውቅም።

ጥር በገባ በሁለተኛው እሑድ ነጠላዬን በእጄ አጠብኩ። ጨምቄ መስኮቱ ላይ አሰጣሁትና ቆሜ ሳየው እንባዬ መጣ። የደስታ ነው እንዳልል፣ ደስታውስ ደስታ ነበር፤ ግን ማንን ጠርቼ ላሳይ? እስከ ሰኞ ጠዋት መጠበቅ ነበረብኝ። ሰኞ ስነግረው ጥላዬ አጨበጨበልኝ። ብቻውን ሲያጨበጭብ የሚሰማው ድምፅ ትንሽ ያሳዝናል፤ ቢሆንም ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ነበር።

ጥፋቴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

በየሳምንቱ ዓርብ ጥላዬ ቁጥር ይጠይቀኛል። «ሕመምዎ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው?» ይላል፣ የነገርኩትን ይጽፋል። አራት ሳምንት በተከታታይ ከሦስት በታች ካልኩ ድኛለሁ፤ ፋይሉ ይዘጋል፣ ጥላዬም አይደውልም። ዓመት ሞልቶ ከአምስት በላይ ከሆንኩ ደግሞ ለሥራ አልበቃም ተብዬ ወንበሬ ይወሰዳል። ስለዚህ ብድንም ጉድ ነው፣ ባልድንም ጉድ ነው። ነጠላዬን ባጠብኩበት ሳምንት ሕመሜ አንድ ቢሆን ነው። አፌ ግን ሌላ አለ።

«አራት» አልኩ።

«አራት» ብሎ ጻፈ።

በቀጣዩ ዓርብም አራት። የካቲትን ሙሉ አራት። መጋቢትም ገባ፣ አራት። አሥር ሊትር ውሃ የሞላ ሳፋ አንስቼ ሳላለከልክ «አራት» ስል «እሺ፣ አራት» ይላል። ቀን ሥራ ላይ ሆኜ ኮንቴይነር ሳነሳ ኅሊናዬ ይነዘንዘኛል። ማንን ጎዳሁ? እላለሁ ለራሴ። አንዲት ሴትዮ አራት ብትል ማን ይጎዳል?

በመጋቢት ሁለተኛው ረቡዕ ጥላዬ ቆጠራው ተበላሸበት። ከስድስት ወደ ዘጠኝ ዘለለ።

«ምን ሆነሃል?» አልኩት፣ ሳፋዬን እንደያዝኩ።

«ምንም፣ እትዬ።»

«ጥላዬ!»

ጉሮሮውን ጠረገ። «ደብዳቤ ደርሶኛል። ያንተ ሰዎች አይድኑም ተብያለሁ።»

ሳፋውን አስቀመጥኩት። ቀስ እያለ ነገረኝ። ጽሕፈት ቤቱ መሣሪያው የሚያሠራቸውንና ሰው የሚያሠራቸውን አነጻጽሯል። መሣሪያው ከያዛቸው ከመቶው ዘጠና አንዱ በስምንት ሳምንት ውስጥ ድነዋል። ጥላዬ አርባ ሰዎች አሉት፤ ፋይላቸው የተዘጋው ሁለት ናቸው፣ ከሁለቱም የአንደኛው የተዘጋው ስለሞተ ነው። ስለዚህ በወሩ መጨረሻ ሰው መደወሉ ይቀራል። ሁሉንም መሣሪያው ይይዛቸዋል።

«ውሸት ነው!» አልኩ። «እኔ በዚያ መሣሪያ አልፌያለሁ እኮ! ካልሲ ማጥለቅ አቅቶኝ ድነሻል ያለኝ እሱ ነው።»

«ጠዋት ምን ብሎ ነበር የሚጠይቅዎት?»

«እንደምን አደሩ፣ ወገብዎ እንዴት ነው፣ ይለኛል።»

«እርስዎስ?»

«ምን እላለሁ? ተመስገን፣ ደህና ነኝ እላለኋ!»

ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ተሰማኝ። ቀሪውን ጥላዬ ነገረኝ። ወይ ጉድ! መሣሪያውን የሠሩት ሰዎች ጨዋ እንዲሆን ብለው ቁጥር እንዳይጠይቅ አድርገውታል፤ ከመልሳችን ቁጥሩን ራሱ ያወጣል። ደህና ነኝ ካልን ዜሮ ብሎ ይጽፋል። ለባዳ ደግሞ ሕመሙን የሚዘረግፍ ማን አለ? እግሩ የተቆረጠ ሰው እንኳ መንገድ ላይ እንደምን አደርክ ሲሉት ተመስገን ይላል። ሕመም የሚነገረው ለራስ ሰው ነው። ለራስ ሰውማ ትንሽ ተጨምሮም ይነገራል፤ ቶሎ እንዳይሄድ፣ እንዲያጽናና።

አንድ ነገር ገባኝ።

«ጥላዬ፣ ከአርባው ሰው ስንቱ ነው አራት የሚለው?»

«ሠላሳ ስድስቱ።»

«በስመአብ!»

ሠላሳ ስድስት ሰው። በየፎቁ፣ በየክፍሉ፣ ጠዋት ተነስቶ፣ ቀበቶውን አስሮ፣ አጎንብሶ፣ ተነስቶ፣ ድኖ፣ አራት ይላል። አንዳችን ሌላችንን አናውቅም። አንድ ቀን ተሰብስበን የተማከርን ይመስል ሁላችንም አንድ ዓይነት ውሸት ዋሸን፤ በውሸታችንም ልጁን ገደል ከተትነው።

«እኔ አራት አይደለሁም» አልኩት። «ከጥር ጀምሮ አራት አይደለሁም።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ። ቀበቶው ይነግረኛል። ሲያጎነብሱ እጅዎ ወለል ይደርሳል።»

«አውቀህ ነው ዝም ያልከኝ?»

የተቋረጠ መስሎኝ ቀበቶውን መታ መታ አደረግሁት።

«እኔስ ማን አለኝ?» አለ ጥላዬ።

አንጀቴን በላው። ስድስት ወር ሙሉ ወገቤን ሲጠይቀኝ አንድ ቀን እንኳ የት ነው የምትኖረው፣ ከማን ጋር ነህ፣ ብዬው አላውቅም ነበር።

ያን ዕለት ለጽሕፈት ቤቱ ማመልከቻ ላክሁ። ሰው ማነጋገር እፈልጋለሁ አልኩ፣ በአራተኛው ቀን ሰው ተገኘ። ወይዘሪት ማንጠግቦሽ ትባላለች፤ ድምፅዋ የልጅ ነው፣ በጣም ሥርዓት አላት።

«ምን ልርዳዎት፣ ወይዘሮ ሶልያና?»

«ጥላዬ የሚባለው ልጅ አድኖኛል። ይኼንን ይጻፉልኝ።»

«መዝገብዎ ላይ አራት ይላል።»

«ዋሽቼ ነው።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ለዘጠኝ ሳምንት። ሌሎቹም እንደኔ ናቸው፤ ደውላችሁ ጠይቋቸው። ቁጥራችንን ተዉትና ቀበቶውን እዩት፤ አጎንብሼ ወለል እነካለሁ። አሥር ሊትር ውሃ አነሳለሁ!»

«ቀበቶው የሚለካው እንቅስቃሴን ነው። ሕመም የሚመዘገበው በሕመምተኛው ቃል ብቻ ነው።»

«ቃሌን እየሰጠሁሽ እኮ ነው፣ ልጄ!»

«ዘጠኝ ሳምንት ዋሽቻለሁ ካሉ፣ የዛሬውን ቃልዎን በምን እናምናለን?»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲሉ ሰምቻለሁ፤ መዳኑን የደበቀ ምን እንደሚሆን ግን የነገረኝ የለም። ወይዘሪት ማንጠግቦሽ ቀጠለች። ሐሰተኛ ቁጥር መስጠቴን በጽሑፍ ካመንኩ የእኔ አራት ከጥላዬ ላይ ይነሳለትና ከዳኑት እቆጠርለታለሁ። ግን ፋይሌ በዚያው ይዘጋል፣ እኔም ሠላሳ ቀን ከወንበሬ እታገዳለሁ። ካላመንኩ ምንም አይነካኝም፤ ጥላዬም እስከ ወሩ መጨረሻ ይደውልልኛል።

«የኔ ቢነሳለት ያተርፈዋል?» አልኳት።

«አንድ ሰው ነዎት፣ ወይዘሮ ሶልያና። ውሳኔውን አይለውጠውም።»

«ታዲያ ለምን አምናለሁ?»

«እሱን እርስዎ ነዎት የሚያውቁት።»

ክፉ ልጅ አልነበረችም። እንደሷ ሆኜ ብቀመጥ እኔም ያንኑ ነበር የምለው። ቀኑን ሙሉ ቅጹን ሳየው ዋልኩ። ሁለት ሳምንት የጥላዬ ድምፅ ማለት ስድስት ጠዋት ማለት ነው። ስድስት ጠዋት ለኔ ብዙ ነው። ማመን ደግሞ ለማንም የማይረባ ነገር ነው፤ እሱ ከሥራ መባረሩ አይቀርም፣ እኔም ከሱ መለየቴ አይቀርም። ግን ልጁ ለሌላ ሥራ ባመለከተ ቁጥር «ሰው ያላዳነ» የሚል ወረቀት ይከተለዋል። ከዳኑት ጎን አንድ ቁጥር ብጨምርለት ብዬ አሰብኩ። አንድ ሰው ድኖለታል፣ ያውም በሕይወት ያለ። ፈረምኩ።

ፋይል ሲዘጋ አንድ የስንብት ጥሪ ይፈቀዳል፤ ሃያ ደቂቃ። ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጥላዬ ደወለ።

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ ሶልያና? ሕመምዎ ስንት ነው?»

«ዜሮ።»

«ዜሮ» ብሎ ጻፈ። ሲጽፍ ብዕሩ ጫር ጫር ሲል ሰማሁት። «ለምን ፈረሙ? ሁለት ሳምንት ነበረን እኮ።»

«ተናድጄ ነው» አልኩት። አልተናደድኩም ነበር። «ከወሩ በኋላ ምን ልትሆን ነው?»

«መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚለዩ ማሽኖችን መቆጣጠር። ወንበሩን ትናንት አመጡልኝ፣ ከፊቴ ተቀምጧል።»

«ስንት ሰዓት?»

«አሥር ሰዓት። አሁንም እኮ ያው ነው፤ አርባ ሰው ጋ ለመደወል ተቀምጬ ነው የምውለው።» ይህን ሲል ከመቀመጫው የተንቀሳቀሰ መሰለኝ፤ ጥርሱን ነክሶ «እህ» አለ። ያቺን «እህ» አውቃታለሁ። አሥር ዓመት አብራኝ ኖራለች።

«ጥላዬ፣ ወገብህን ያምሃል እንዴ?»

«ተመስገን፣ ደህና ነኝ።»

«እኔን ነው ተመስገን የምትለኝ?» አልኩት። አሁን የእውነት ተናደድኩ። «እኔ ባዳህ ነኝ? ቁጥሩን ንገረኝ!»

ሲተነፍስ ይሰማኛል።

«ሰባት» አለ። «ሰባት ነው፣ እትዬ። ጠዋት ስነሳ ስምንት ይሆናል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ዓመት ሆነው።»

«ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

ሁለት ዓመት ሙሉ አርባ ሰው ሲያስጎነብስ፣ አንድም ሰው አጎንብስ አላለውም። ላለቅስ ምንም አልቀረኝም፤ ነገር ግን አሥራ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነበር የቀረን፤ በልቅሶ አላጠፋውም።

«ተነስ» አልኩት።

«እትዬ፣ ይኼ ጥሪ የእርስዎ ነው…»

«የኔ ከሆነ እኔ ነኝ የማዝበት። ተነስ! አዲሱ ወንበር ከፊትህ አለ አይደል? ጀርባውን ያዝ። ቁጭ ብድግ ትሠራለህ። ዛሬ ሃያ፤ ለሰኞ እኔ ሳልኖር ሃያ፣ ለረቡዕም ሃያ።»

«እንደ ሰነፍ ተማሪ ሊቀጡኝ ነው?»

«አዎ። አንድ።»

ወለሉ ሲንቋቋ ሰማሁ። «አመመኝ» አለ በሦስተኛው ላይ።

«የለመድከው ነው ወይስ አዲስ?»

ሳቀ። እየሳቀ «የለመድኩት» አለ።

«እንግዲያው አራት።»

ቀስ ብለን ነው የቆጠርነው። በየመሐሉ አስቆመዋለሁ፣ አስተነፍሰዋለሁ፣ የት ሰፈር ነህ እለዋለሁ። ለቡ አለኝ። ከማን ጋር ትኖራለህ? ብቻዬን አለኝ። ስድስት። እናትህስ? አርፋለች። ሰባት። እጅህ ላብ አለው? አለው። እሰይ። ስምንት። አሥር ላይ ሲደርስ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ማለት ጀመረ፣ ግን አልተወም። «አሥራ አንድ» አልኩ። «አሥራ አንድ» ብሎ ተከተለኝ። ሃያው ደቂቃ ሞላ፤ ቀበቶው አንድ ጊዜ ነዘረኝና መስመሩ ተዘጋ።

ለቡ ውስጥ አንድ ክፍል ውስጥ፣ ወንበር ይዞ፣ ቆሞ ይሁን ቁጭ ብሎ አላውቅም። ሃያ ብዬው ስለነበር ትንፋሽ እንዲያገኝ በየመሐሉ እያቆምኩ እስከ ሃያ ቆጠርኩለት።